ከባቡሩ በፊት በሰዓቱ የሚነሣ አውቶቡስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክቡር አዘጋጅ፣ በወሎ የትራንስፖርት ነገር በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ባቡሩ ላይ ያርፋል። «ባቡሩ ሥራ ሲጀምር» የሚለው አነጋገር በስብሰባም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በመናኸሪያ ሰልፍም ለብዙ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ተጠናቆ ቢያዩ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ነገር ግን ጠዋትና ማታ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሰው ሕዝብ ችግር በዚያ መስመር እንደሚቃለል ተደርጎ ሲነገር ሰምቶ ማለፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ። የምለው አጭር ነው። ሁለቱ ከተሞች በኑሮና በሥራ አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ መጓጓዣቸው ግን ዛሬም እንደ ሁለት የተራራቁ አገሮች መጓጓዣ ይመራል። ስለዚህ ባቡሩን ሳንጠብቅ፣ ሁለቱ ከተማ አስተዳደሮች በጋራ የሚቆጣጠሩት፣ ሞላም አልሞላም በተቆረጠለት ሰዓት የሚነሣ የአውቶቡስ አገልግሎት ሊቋቋም ይገባል።

አካባቢውን ለማያውቁ አንባቢዎች የቦታውን አቀማመጥ ባስቀድም ይሻላል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ሸለቆ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሥራው ወደ ታች ወርዷል፣ መኖሪያው ላይ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ናቸው፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የተሠራው እዚያው ነው። በአንጻሩ ትልቁ ሆስፒታል፣ የደቡብ ወሎ ዞን መሥሪያ ቤቶች፣ አንጋፋዎቹ ትምህርት ቤቶችና ትልቁ ገበያ ደሴ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ዋና ግቢውን ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ኮምቦልቻ አድርጎ በሁለቱም ከተሞች ይሠራል። ጠዋት ሠራተኛው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ በዚያው ሰዓት ታማሚው፣ ተማሪውና ባለጉዳዩ ወደ ደሴ ይወጣል። ይህ ለትራንስፖርት ሥራ ትልቅ ዕድል መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በብዙ ከተሞች የዳርቻ አውቶቡስ ጠዋት ጢም ብሎ ገብቶ ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ እዚህ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ተሳፋሪ አለ።

«ሥራህ ኮምቦልቻ ከሆነ ለምን እዚያው አትኖርም?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኔ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደሴ ታስተምራለች፣ ልጆቻችን የሚማሩት ደሴ ነው፣ የምንኖርበትም የወላጆቼ ቤት ነው። ወደ ታች ብንወርድ እኔ በእግሬ ሥራ እገባለሁ፣ እሷና ልጆቹ ደግሞ በእኔ ፈንታ ሐረጎን ሲወጡ ሲወርዱ ይኖራሉ። ብዙው ተመላላሽ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አለው፤ የቤት ኪራዩን ጉዳይ ሳላነሣ ነው።

አሁን ያለው አሠራር ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሚኒባሱ መናኸሪያ ገብቶ ተራ ይይዛል፤ ተራው ሲደርስ ይጭናል፣ ሲሞላ ይነሣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ይህ አሠራር ክፉ አይደለም፤ ሰውም መኪናም ስላለ ተሳፋሪው ብዙ አይጉላላም። አሠራሩ የሚፈርሰው ሰው አብልጦ በሚፈልገው ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ደሴ ደርሶ የሚመልሰው ተሳፋሪ አያገኝም። ሾፌሩ ቤቱ ኮምቦልቻ ከሆነ ባዶ መኪና ይዞ ሐረጎን በጨለማ መውረዱ ነው፣ የነዳጁም ወጪ ያው የእሱ ነው። ስለዚህ ወይ ቀደም ብሎ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ለአንድ መንገድ የደርሶ መልስ ዋጋ ይጠይቃል። በራሱ ኪስ ሒሳብ ከተሄደ ትክክል ነው፤ እኔም በሙያዬ የእሱን ደብተር ብይዝለት ሌላ ነገር አልመክረውም። ጥፋቱ ያለው የአንድ ሕዝብ ከሥራ ወደ ቤት መግባት በየሚኒባሱ የምሽት ትርፍና ኪሳራ ላይ እንዲንጠለጠል መተዉ ላይ ነው።

የምሽቱን ሁኔታ ያላዩ ኃላፊዎች ይኖሩ እንደሆነ ባጭሩ ልግለጸው። ፋብሪካዎች ሲለቁ ሰዉ ወደ መናኸሪያ አይገባም፤ በግቢው ውስጥ ተራ የያዘ መኪና ስለማይኖር አስፋልቱ ዳር ቆሞ ከአዲስ አበባ ወይም ከከሚሴ በኩል የሚያልፍ መኪና ይጠብቃል። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ «ሁለት ሰው! ደሴ ሁለት ሰው!» ሲል ሃያ ሰው ይንቀሳቀሳል። የሚገባው ጉልበት ያለው ነው፤ ልጅ ያዘለች እናትና ለነገ ጠዋት የሆስፒታል ቀጠሮ ያላቸው አባት ወደ ኋላ ይቀራሉ። «አብሽሩ፣ ሌላ ይመጣል» ይላል ከኋላ ያለ ሰው፤ ወሎ ነውና የሚያጽናና አይታጣም። በመጨረሻ አንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከታሪፉ እጥፍ የሚሆን ዋጋ ይጠራል፣ የሚከራከረው የለም። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር አራት ይቀመጣል፣ ሞተሩ ላይም ይጨመራል፣ ከዚያም ጉም የወረደበት የሐረጎ ጉዞ ይጀመራል። ትርፍ መጫን በሜዳ ላይ ለቅጣት የሚዳርግ ጥፋት ነው፤ በሐረጎ ላይ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር መሆኑን ማንም ሾፌር ያውቀዋል፤ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡት ተሳቢዎችም በዚሁ ጠባብ መንገድ እየተጎተቱ ወደ ሰሜን ያልፋሉ።

ልዩ ቀኖች ሲመጡ ችግሩ ይብሳል። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ከኮምቦልቻ መኪኖች ከፊሉ ወደዚያ ያቀናሉ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ በደሴ ዙሪያ የሚንቀሳቀሰው መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ አምባሰል ያዞራል፤ ወደ ሙስሊሞች የዚያራ ሥፍራ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሕዝብ በሚበዛበት ሰሞንም እንዲሁ ነው። ምእመኑ መጓጓዣ ማግኘቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን መስመሩን በኃላፊነት የሚይዝ አካል ቢኖር ኖሮ ለእነዚህ ቀኖች አስቀድሞ ተጨማሪ ስምሪት ይያዝላቸው ነበር። ቀኖቹ እንደሆኑ በየዓመቱ የታወቁ ናቸው።

አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ አላቸው። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም አስፋልት ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በየምሽቱ የሚያየው ትዕይንት አለ፤ ግማሽ ወንበሩ ባዶ የሆነ ሰርቪስ በፊቱ ያልፋል፣ ከኋላው ሌላ ድርጅት የላከው፣ እሱም ያልሞላ፣ ይከተላል። ሁሉም ድርጅት ለየራሱ ተከራይቶ ለየራሱ ይከፍላል። ያንን ገንዘብ ወደ አንድ ቋት አስገብቶ ሠራተኛው በመታወቂያው፣ ሌላው ሕዝብ በትኬት የሚሳፈርበት አገልግሎት ማቋቋም የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ በሽፍት የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ከሌሊቱ ሽፍት ሲወጡ በባጃጅ ተቆራርጠው ወደ ቤታቸው ለመድረስ የሚከፍሉት ዋጋ ከገንዘብ ያለፈ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ። የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር ውል በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር የተፈረመ ሲሆን፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ጠቅላላ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የውሉ ዋጋ 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱ ተነጥፎ እያለ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦቱ ዘገየ፤ ቀጥሎም በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፕሮጀክቱም ከጉዳቱ አላመለጠም። በዚህ ሁሉ መካከል መደበኛ አገልግሎት ሳይጀመር ብዙ ዓመታት አለፉ።

ነገር ግን መስመሩ ነገ ጠዋት ሥራ ቢጀምር እንኳ ደሴ አይደርስም። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የመሬቱ ጉዳይ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የ650 ሜትር የከፍታ ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 26 ሜትር ይሆናል፤ ይህም አማካዩ እንጂ የሐረጎው ቁልቁለት ከዚህ የባሰ ነው። ከባድ ጭነት የሚጎትት ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ደግሞ በተለምዶ በኪሎ ሜትር ከ20 ሜትር ብዙም እንዳያልፍ ተደርጎ ይነደፋል፣ እንደ መኪና መንገድም ወዲያ ወዲህ አይታጠፍም። ሐዲዱን ደሴ ለማድረስ ረጃጅም ዋሻና ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። መስመሩ የተሠራው አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው ሐዲድ ጋር ተገናኝቶ ጭነትንና ሩቅ መንገደኛን ለማመላለስ ነው። አብዛኛው ነጠላ ሐዲድ ስለሆነም ተቃራኒ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ ሠራተኛ የሚያመላልስ የከተማ ባቡር በእንዲህ ያለ መስመር ላይ አይታሰብም። ለፍትሐዊነት ያህል አንድ ነገር ልጨምር፤ በቦርከና ሸለቆ ለሚኖረው ለከሚሴና ለአካባቢው ሕዝብ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ባቡር ወደ ኮምቦልቻ ቢመደብ ጥሩ መፍትሔ ይሆናል። የደሴው ተመላላሽ ግን ከዚያ ውስጥ የለበትም።

በባቡር ስም የሚቀርብ ሌላ ተስፋም ሰምቻለሁ፤ «እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለእኛም ይሠራልን» የሚል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሁለቱም መስመሮቹ ሲከፈቱ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ወጪውም 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፣ አብዛኛውም ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። የከተማዋ ሕዝብ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ተጠቅሞበታል፤ ሆኖም መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ተበላሽተው ከቆሙ ዓመታት አልፈዋል፣ የቀሩትም ሰልፉን አይችሉትም። የትኬቱ ዋጋ ወጪውን እንደማይሸፍን ከመጀመሪያውም ይታወቅ ነበር፣ ድጎማው ግን በጊዜው አልታሰበበትም። የአንድ አገልግሎት ዕድሜ የሚወሰነው ሪባን በሚቆረጥበት ዕለት በሚወጣው ገንዘብ ሳይሆን፣ በአምስተኛው ዓመት ለጎማና ለፍሬን ሸራ በሚመደበው በጀት ነው። ዋና ከተማዋ ያልቻለችውን እኛ እንችለዋለን ብሎ ማሰብ ልብ ይሞላ እንደሆነ እንጂ አያሳፍርም፤ ኮምቦልቻና ደሴ ግን እንዲህ ያለውን ዕዳ የሚሸከም በጀት የላቸውም።

ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመርም የምንማረው አለ። የድሮው ባቡር መሐል ከተማ ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር፤ አዲሱ ግን የመንገደኛ ጣቢያው ከከተማው ዳር ለቡ ነው፣ የድሬዳዋውም ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ሌላ መኪና መፈለግ ግዴታው ሆነ፤ በዚያ ላይም የኮንትራት ዋጋ ይጠየቃል። የኮምቦልቻው ጣቢያ በሩን በከፈተ ዕለት ወደ ደሴ የሚሄደው መንገደኛ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይገጥመው፣ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተገጣጠመ አውቶቡስ ከጣቢያው በር ላይ መገኘት አለበት። አውቶቡሱ ደግሞ በዚያን ዕለት ድንገት አይፈጠርም። ዛሬ ሥራውን የለመደ፣ ሰዓት ማክበርን የለመደ ድርጅት ካለ ለባቡሩም ይደርሳል፤ ከሌለ ባቡሩም ለደሴ ሰው የማይደርስ ባቡር ይሆናል።

እንግዲህ ያቀረብሁት ሐሳብ ምን ያህል ከባድ ነው? በወረቀት ላይ ላስላው። አንድ አውቶቡስ ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ተሳፋሪ አውርዶና ጭኖ፣ ተመልሶ ደሴ ለመግባት 2 ሰዓት ቢፈጅበት፣ በየ20 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ከሁለቱም ከተሞች እንዲነሣ 6 አውቶቡሶች ይበቃሉ፤ ለብልሽትና ለእጥበት 2 መጠባበቂያ ይጨመር። እያንዳንዱ 45 ሰው ቢይዝ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 135 ወንበር ይገኛል። ይህን ያህል ሰው ባለ12 ወንበር ሚኒባስ ያንሣው ቢባል በየአምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ አንድ ሚኒባስ መነሣት ነበረበት። በቀን እኩሌታ፣ ሕዝቡ ሲቀንስ፣ አውቶቡሱ በየ40 ደቂቃው ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ የመጨረሻው ግን ከኮምቦልቻ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይነሣ፣ የሚነሣበትም ሰዓት በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ እንዲለጠፍ ያስፈልጋል። ሰው የመጨረሻውን መኪና ሰዓት ካወቀ ከምሽቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መጋፋቱን ይተዋል፤ ዛሬ የሚያጋፋው ከመኪናው ማነስ ይልቅ ሌላ መምጣቱን አለማወቁ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ለባለ አውቶቡሱ በሚከፈልበት መንገድ ላይ ነው። በተሳፋሪ ቁጥር የሚከፈለው ከሆነ እንደ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ማታም ይጠፋል። በሰዓቱ ተነሥቶ በተጓዘው ኪሎ ሜትር የሚከፈለው ከሆነ ግን ሰው ሞላም አልሞላም ሰዓቱን ማክበር ጥቅሙ ይሆናል፤ ላዘገየው ወይም ላስቀረው ጉዞ ደግሞ ከሒሳቡ ይቀነስበታል። የትኬቱ ገቢ በቴሌብርም ሆነ በካርድ ወደ ጋራ ሒሳብ ይገባል፣ ክፍያው ከዚያ ይፈጸማል። በዚህ ዓይነት ውል የሚሠሩት እነዚሁ ዛሬ በመስመሩ ላይ ያሉት የትራንስፖርት ማኅበራት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አባሎቻቸው አክሲዮን አዋጥተው ሚኒባሳቸውን በአውቶቡስ ቢተኩ የሚያጡት የመንገድ ላይ ሽሚያውን ብቻ ነው። ብዙ ሰው እንደሚፈራው ሚኒባሶቹን ከሥራ ማስወጣትም አያስፈልግም። ጢጣ፣ ቦሩ፣ ገራዶ፣ ኩታበር፣ ሐይቅ እያሉ ከዓመት ዓመት እየሰፉ ያሉት መንደሮችና ከተሞች መኪና አጥሯቸዋል፤ ትልቁን መስመር አውቶቡሱ ሲይዘው ሚኒባሶቹ ከየሰፈሩ ሕዝቡን እያመጡ ይመግቡታል።

ስለ መኪናው ዓይነት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የግዢ ጉዳይ ሲመጣ ሁልጊዜ ትልቁና የሚያብረቀርቀው ይመረጣል። ለሐረጎ ጠመዝማዛ በጣም ረጅሙ የከተማ አውቶቡስ አይመችም፤ መካከለኛው፣ ቁልቁለት ላይ በሞተሩ ኃይል የሚይዝ ጥሩ ፍሬን ያለው ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነገር በየቦታው ይወራል፤ ለዚህ መስመር ሐሳቡ ቀልድ አይደለም። 15 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 650 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ የመንገዱንና የነፋሱን ግፊት ሳይጨምር፣ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይፈልጋል፤ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ ከዚህ ላይ ጥቂት የማይባለውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ የፍሬኑ ሸራም አይግልም። ያም ሆኖ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ማድረግን አልመክርም፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ለሙከራ ይሁኑ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ድጎማ አዲስ ነገር አለመሆኑን ላስታውስ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ያ ድጎማ የተሰጠው በሊትር ነው፤ ሾፌሩ በምሽት ሠራ አልሠራ፣ በታሪፉ ጫነ አልጫነ የሚጠይቀው አልነበረም። በዚያው መጠን የሚሆን ገንዘብ በኪሎ ሜትር ውሉ በኩል ቢሰጥ ሕዝቡ በገንዘቡ የተገዛለትን ጉዞ በዓይኑ ያያል። ፋብሪካዎቹ ለሰርቪስ የሚያወጡት፣ መሥሪያ ቤቶችም ለመኪና ኪራይ የሚያወጡት ሲጨመርበት ቀዳዳው የሚፈራውን ያህል አይሰፋም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሥልጣኑ ነው ብዬ አምናለሁ። የደሴ ከተማ አስተዳደር እስከ ከተማው ወሰን፣ የኮምቦልቻው እስከ ወሰኑ ያዝዛል፤ በመካከል ያለው ሐረጎ የአገር አቋራጭ መንገድ ተብሎ በሌላ ስምሪት ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱም ከተሞች የየራሳቸውን የባጃጅና የታክሲ ታሪፍ ያወጣሉ፣ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚጓዝበትን መስመር ግን ባለቤት ሆኖ የሚይዘው የለም። ክልሉ ለሁለቱ ከተሞች በዚህ መስመር ላይ ብቻ የጋራ ሥልጣን የሚሰጥ ደንብ ቢያወጣ፣ ሌላ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሳይቋቋም ሁለት ሦስት ባለሙያ ያለው የጋራ ጽሕፈት ቤት ይበቃል። የጸጥታው ሁኔታ መንገዱን በሚያውክበት ጊዜም ሕዝቡ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ዛሬ መንገድ መዘጋቱን የምንሰማው መናኸሪያ ከደረስን በኋላ ነው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሁን አላልሁም። ለመጀመር ያህል፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ፣ አሁን ካሉት ማኅበራት በኪራይ የተወሰዱ ጥቂት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች በየግማሽ ሰዓቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንዲነሡ ለሦስት ወር ቢሞከር ወጪውም ትንሽ ነው፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረም በትኬቱ ይቈጠራል። ጋዜጣችሁ ይህን ሐሳብ ይዞ የሁለቱን ከተሞችና የክልሉን የትራንስፖርት ኃላፊዎች እንዲያነጋግርልን እጠይቃለሁ። የሚቀበሉት ከሆነ መቼ እንደሚጀመር፣ የማይቀበሉት ከሆነም ምክንያታቸው በዚሁ ዓምድ ታትሞ ብናነበው፣ ክርክሩ ከአስፋልት ዳር ተነሥቶ ወደሚገባው ቦታ ይደርሳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ተመላላሽ ሠራተኛ፣
ከደሴ